ካፕሮኒ 133 በካርቶን፣ በሽምብራና በዳይስ

ጥቅምት 4

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ቁጣ ነው። ቅዳሜ ማታ የምንጫወተው የሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ዕድሉን በዳይስ የሚፈትንበት ተረክ፣ 1928 ዓ.ም. ላይ ደርሷል፤ አራቱ ተጫዋቾች ከራስ ካሣ ጦር ጋር ተምቤን ውስጥ ናቸው። የጨዋታው መሪ እኔ ነኝና «አውሮፕላን መጣ» አልኩ። ሁሉም ዳይስ ጣለ፤ ሁለቱ ቆሰሉ፣ በቅሎዋ ሞተች፣ አውሮፕላኑም ሄደ። እህቴ ዳይሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ይህ መብረቅ እንጂ አውሮፕላን አይደለም» አለችኝ። «አውሮፕላን ነዳጅ ይቀዳለታል፤ ቦምብ ይጫንለታል፤ ማታ የሚያድርበት ሜዳ አለው። ያንን ብታሳየን የምናደርገውን እኛ እናውቅ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። በማውቃቸው የጨዋታ መመሪያዎች ሁሉ አውሮፕላን የሚጻፈው ከአብራሪው ወንበር ሆኖ ነው፤ ፍጥነቱ፣ መሣሪያው፣ የአብራሪው ችሎታ። የእኔ ተጫዋቾች ግን ከሥሩ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን መርጬ፣ በካርቶን ሠርቼ፣ ሕጉን ከመሬት ወደ ላይ ለመጻፍ ወሰንኩ። ሂደቱን እዚህ እመዘግባለሁ።

የመረጥኩት ካፕሮኒ 133 ነው። ከእሱ ቀድሞ የነበረው ካፕሮኒ 101 ተሻሽሎ የተሠራ ነው፤ ሦስት ሞተር አለው፤ ክንፉ ከላይ፣ እግሩ የማይታጠፍ። ጣሊያኖች ለቅኝ ግዛት ብለው ሠሩት። በቅኝ ግዛት ጦርነት የሚያሳድድህ ተዋጊ አውሮፕላን የለም ተብሎ ይታሰባል፤ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያም እንደዚያው። እንዲያ ከሆነ ፍጥነት ምን ያደርጋል? አንዱ አውሮፕላን ጠዋት ቦምብ ይጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ዱቄት ያመላልሳል፣ ማታ ቁስለኛ ይዞ ይመለሳል። የእኛ አየር ኃይል በዚያን ጊዜ የነበሩት አውሮፕላኖች ከአሥራ ጥቂት የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም ያልታጠቁ ስለነበሩ ስሌታቸው፣ ያሳዝናል እንጂ፣ ስሕተት አልነበረም።

ቁጥሮቹን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ፦ ርዝመት 15.36 ሜትር፣ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.24 ሜትር፣ ባዶ ክብደት 4,190 ኪሎ ግራም፣ ተጭኖ 6,691፤ ሦስት ባለ 460 የፈረስ ጉልበት ፒያጆ ሞተሮች፣ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር፣ የሚደርስበት ርቀት 1,350 ኪሎ ሜትር፣ የሚወጣበት ከፍታ 5,500 ሜትር። አራት 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች። ቦምብ እስከ 1,200 ኪሎ፤ ወይም በቦምቡ ፈንታ 18 ወታደር።

ጥቅምት 7

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያስደሰተኝ አንድ የመቀነስ ሒሳብ ነው። ከ6,691 ላይ 4,190 ሲቀነስ 2,501 ይቀራል። ሰው፣ ነዳጅ፣ ቦምብ፣ ጥይት፣ ሁሉም የሚገባው በዚህ ውስጥ ነው። መቶ ኪሎውን አንድ የሽምብራ ፍሬ አደረግኩት፤ ሃያ አምስት ፍሬ። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጬ ሦስት ጎድጓዳ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለጭነት፣ አንዱ ለነዳጅ።

ሦስቱ ሠራተኞች ከነመትረየስ ጥይታቸው ሦስት ፍሬ ይወስዳሉ። ሙሉ ቦምብ ከተጫነ አሥራ ሁለት። ለነዳጅ አሥር ይቀራል። ለጨዋታው እንዲመቸኝ አሥሩ ፍሬ 1,350 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ብዬ ደነገግኩ፤ አንዱ ፍሬ 135 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ቦምቡን አውርጄ 18 ወታደር ጫንኩ። ሰው ከነትጥቁ መቶ ኪሎ ቢመዝን አሥራ ስምንት ፍሬ ነው። ለነዳጅ የተረፈው አራት፤ 540 ኪሎ ሜትር ብቻ!

ካርታው ላይ ማስመሪያ አስቀመጥኩ። ከአስመራ ደሴ በቀጥታ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦምብ የጫነው ደርሶ ይመለሳል፤ ወታደር የሞላው ግን ሄዶ እዚያው ይቀራል፣ ነዳጅ የሚጠብቀው ካልሆነ በቀር። ከአስመራ አዲስ አበባ ደግሞ 700 ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 1,400 ነው፤ ለቦምብ ጫኙም አይበቃም። እህቴ ያለችው ሜዳ ድንገት ታየኝ። አውሮፕላኑን የሚገዛው ሰማዩ ሳይሆን መሬት ላይ የተቀመጠው የቤንዚን በርሜል ነው። ተጫዋቾቹ ሊሰልሉት፣ ሊያቃጥሉት፣ በቅሎ አጓጉዘው ሊሰርቁት የሚችሉት ነገር አገኙ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ ለራሴ፦ ሽምብራው ጥሬ ይሁን። በመጀመሪያው ሙከራ ያቀረብኩት የቆላሁትን ነበር፤ የሒሳብ መምህሩ ጓደኛችን ወሬ እያወራ ሁለት ፍሬ ነዳጅ በላ።

ጥቅምት 11

ካርቶን ሥራ። የተጫዋቾቹ ምስሎች ሦስት ሴንቲ ሜትር ቁመት ስላላቸው ልኬቱን አንድ ለስድሳ አደረግኩት። አካሉ 25.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክንፉ 35.4። አካሉ ከጫማ ካርቶን ነው። የላዩ ክዳን ይነሣል፤ ውስጡ ምስል የሚቆምበት ካሬ ተሠምሮበታል። ክንፉን ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ፤ የመጀመሪያው በራሱ ክብደት እንደ ጥላ ወደታች ታጠፈብኝ። ሁለተኛው ውስጥ የጃንጥላ ሽቦ አስገባሁ።

ሞተሮቹን ከቆርኪ ልሠራ ነበር። ሦስት የለስላሳ ቆርኪ፣ ዙሪያው የተጠረሰ፣ ሰባት ሲሊንደር በክብ የተደረደረበትን ሞተር ይመስላል ብዬ በሐሳቤ ኮርቻለሁ። ካጣበቅኩ በኋላ ራቅ ብዬ ሳየው አውሮፕላኑ ሦስት ትሪ የተሸከመ አሳላፊ መሰለ። ብለካው ቆርኪው በዚህ ልኬት ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ከሰው ይረዝማል። በምላጭ አንሥቼ የአሮጌ ካፖርት ቁልፎች ተካሁበት። እነሱ ተስማሙ።

መትረየሶቹን ከስቴኪኒ ሠራሁ፤ አንዱን ከጀርባው ላይ፣ አንዱን ከሆዱ ሥር፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ ጎን። ስቴኪኒ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል መሆኑ ኮላ እያደረቅኩ ሳለ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ጥርስ መጎርጎሪያቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ጥቅምት 13

ጎረቤቴ ጋሼ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ቡና ይጠጡ ብዬ ጠርቼ ካርቶኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይህ ቆዳው ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው ጋሼ። ከውስጥ የብረት ቱቦ አጽም፣ ከላይ ጨርቅ።»

«ታዲያ ለምን ጋሻ ሰጠኸው?»

በሕጌ ላይ «የመከላከያ ነጥብ 4» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ልማድ ነው። ጋሼ አስረዱኝ። ጥይት በጨርቅ ገብቶ በጨርቅ ይወጣል። ቀዳዳው ማታ ተለጥፎ ቫርኒሽ ይቀባና ጠዋት አውሮፕላኑ ይበራል። ጥይቱ አብራሪውን፣ ሞተሩን፣ የነዳጅ ጋኑን ወይም የመሪውን ገመድ ካላገኘ አገሩን ሁሉ ቢተኩሱበት ወንፊት ይሆናል እንጂ አይወድቅም። ካገኘ ደግሞ የሚያቆመው ምንም የለም። «ይህ ነገር ወይ ምንም አይሆንም፣ ወይ ሁሉንም ይሆናል» አሉ።

ማታውኑ ሠንጠረዡን ቀደድኩ። አዲሱ በሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ የሚሠራ ነው። ጥይት አውሮፕላኑን ከመታ በኋላ ዳይሱ ይጣላል። ከ5 እስከ 9 ከመጣ ጨርቅ ብቻ ተበሳ፤ ከ36 አጋጣሚ 24ቱ ማለት ነው። 4 የመሪው ገመድ፣ 10 ሞተር፣ 3 እና 11 ተኳሽ፣ 12 የነዳጅ ጋን። 2 አብራሪው ራሱ። የመከላከያ ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ስለ ከፍታም ብዙ ነገሩኝ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጣሉ፤ መንደርደሪያው ይረዝማል። ቆላ ላይ የተጻፈ ቁጥር ደጋ ላይ አይሠራም። አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከደጋ ሜዳ የሚነሣ ካፕሮኒ ሦስት ፍሬ ይቀነስበታል ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ «ሦስት አይበዛም?» ብለው ነበር፤ እስኪ እናያለን።

እኔ በበኩሌ የጨመርኩት አለ። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። 5,500 ድረስ ብቻ የሚወጣ አውሮፕላን ሰሜን ተራሮች ላይ ከጫፉ በላይ አንድ ሺህ ሜትር እንኳ አይሞላለትም፤ ተጭኖ ደግሞ ያነሰ ነው። በሸለቆ ውስጥ ሲያልፍም አምባ ላይ የቆመ ሰው ወደ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ እንዲያውም ወደ ታች ሊተኩስበት ይችላል። ይህ አገር ብቻ የሚሰጠው ዕድል ነው። በሕጉ ውስጥ «የአምባ ተኩስ» አልኩት።

ጥቅምት 18

የመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ፤ አልተሳካም።

አሥር ምንሽር የያዙ አርበኞች አምባ ላይ፣ አንድ ካፕሮኒ በሸለቆው ውስጥ። በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 73 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሚታየው የሸለቆ ክፍል 600 ሜትር ስለነበር ስምንት ሰከንድ አለን፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጥይት። ሃያ ጥይት ተተኮሰ። ለመምታት 9 እና ከዚያ በላይ ይበቃል ብዬ ነበርና ስድስቱ አገኙት፤ አብራሪው ሞተ፣ ካፕሮኒው ተከሰከሰ። ተጫዋቾቹ ጮኹ፣ ተቃቀፉ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ማይጨው ሌላ ይሆን ነበር።

ሌሊቱን አሰብኩበት። ስሕተቱ ጥይቱ ጊዜ እንደማይፈጅበት መቁጠሬ ነው። 300 ሜትር ርቀት ላይ ጥይት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ግማሽ ሰከንድ አውሮፕላኑ 37 ሜትር ሄዷል፤ የራሱን ርዝመት ሁለት ጊዜ ከግማሽ ገደማ። አውሮፕላኑን ያነጣጠረ ሰው ባዶ አየር ይመታል። መምታት የሚችለው ባዶ አየር ያነጣጠረ ነው።

አዲሱ ሕግ ዳይስ ከመጣሉ በፊት ጣት ይጠይቃል። ተጫዋቹ ከሞዴሉ አፍንጫ ፊት ለፊት ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። እኔ በማስመሪያ እለካለሁ። ትክክለኛው ቦታ 61 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ጭብጥ ልዩነት ውስጥ ከሆነ 10 እና ከዚያ በላይ ይመታል፤ ካልሆነ 12 ብቻ። ርቀቱ ሲቀየር ቦታውም ይቀየራል፤ እኔም አስቀድሜ አልነግራቸውም።

ውጤቱ አስቂኝ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ጣታቸውን አፍንጫው ሥር ደቀኑ። በሦስተኛው ዙር የሒሳብ መምህሩ እስክሪብቶ አወጣ። እህቴ ምንም ሳትጽፍ ከጠረጴዛው ጫፍ አልፋ ጣቷን አየር ላይ ዘረጋች፤ «እዚህ ነው የምተኩሰው፣ ጠረጴዛህ ያጠረው አንተ ነህ»። ትክክል ነበረች። 11 መጣላት፣ ከዚያም በሠንጠረዡ 7። ጨርቅ ብቻ። ካፕሮኒው ተበስቶ ሄደ። ማንም አልጮኸም፤ ግን ሁሉም እንደገና ሊሞክር ፈለገ።

ጥቅምት 21

ስለ መርዙ።

በታኅሣሥ 1928 ተከዜ ላይ፣ የራስ እምሩ ጦር ባለበት፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ የያዘ ቦምብ ጣሉ። በኋላም ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ረጩት። ሣሩ ላይና ውሃው ላይ ይቀራል፤ በባዶ እግር የሚሄድ ሰውን እግር ያሳብጣል፣ ቆዳ ይገፍፋል፣ ዓይን ያጠፋል። በእኛ ቤት ስሙ «የመርዝ ጢስ» ነበር፤ አያቴ ስሙን ስትጠራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ስለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጨዋታ የሚሠራ ሰው ይህንን መተው አይችልም። ከተወው ውሸት ነው። ግን የቁስል ሠንጠረዥ ልሠራለት ተቀመጥኩና ሁለት መሥመር ጽፌ እጄ አልታዘዘም። በመጨረሻ ዳይስ አልሰጠሁትም። ቢጫ ጨርቅ ቆርጬ ካርታው ላይ፣ ወንዙ ላይ አነጥፈዋለሁ። ጨርቁ ያለበት ውሃ አይጠጣም፤ በቅሎ አያልፍበትም፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ጦሩ ይዞራል። ማን እንደነካው የምተርከው እኔ ነኝ፤ ማንም በዕድል አያመልጥም፣ ማንም በዕድል አይያዝም።

የሒሳብ መምህሩ አልተስማማም። «ዳይስ የሌለው ነገር ተጫዋቹ የማይታገለው ነገር ነው፤ እህትህ የከሰሰችህ መብረቅ ተመልሶ መጣ» አለ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ቢሆንም ጨርቁ ይቆያል።

ጥቅምት 23

ጭነቱ የተረሳ እንዳይመስል ዛሬ የመጓጓዣ ወገኑን ጨረስኩ፤ አጭር ሥራ ነበር። በአፋር በረሃ ለሚጓዘው ጦራቸው ስንቅ በአየር ያቀርቡ ነበር፤ በሕይወት ያሉ ከብቶችን እንኳ በጃንጥላ ጥለዋል። በጨዋታው አንድ ፍሬ ሽምብራ ስንቅ ሃምሳ ሰው አንድ ቀን ያኖራል አልኩ። ተጫዋቾቹ የወደቀውን ጃንጥላ ቀድመው ካገኙት የእነሱ ነው። እህቴ ከወዲሁ በሬውን ለመማረክ እያቀደች ነው።

ጥቅምት 25

ለዚህ ሁሉ ሥራ መፈተኛ የመረጥኩት ሌሊት የቦናያ ሌሊት ነው።

ሰኔ 1928። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ተይዛለች፤ ምዕራቡ ግን ገና ነው። ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ሜዳ ላይ ሦስት አውሮፕላኖች አረፉ፤ ሁለት ካፕሮኒ 133 እና አንድ ትንሽ ሮሜዎ 37። መሪያቸው የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ ነው። አብሮት ሎካቴሊ አለ፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ከበረሩት ስመ ጥር አብራሪዎች አንዱ። ቦሬሎ የሚባል ቄስም አለ። አውሮፕላኖቹ እዚያው አደሩ። ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ቡድን ደረሰባቸው። ከቄሱ በቀር የተረፈ የለም፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ።

«መጨረሻውን እናውቀዋለን፣ ምኑን እንጫወተዋለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ገምቼ ተዘጋጅቻለሁ። የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ሜዳው ዳር በጭቃ የተኙት ዕጩ መኮንኖች አያውቁም። መጨረሻውንም አላስገድድም። ሁለት ሞዴል ያስፈልገኝ ስለነበር ሁለተኛውን ካፕሮኒ በሦስት ምሽት ቆረጥኩ፤ በመጀመሪያው አሥራ አንድ ቀን የፈጀሁትን ሥራ። ሮሜዎው አልደረሰልኝም፤ በእሱ ቦታ የክብሪት ቀፎ ቆሟል።

ጥቅምት 28

ተጫወትነው። ከሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት።

ክረምት ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሁለቱ ካፕሮኒዎች ጭለማ ውስጥ ቆመዋል። የበረሩት አዲስ አበባ ተነሥተው ነው፤ 240 ኪሎ ሜትር ያህል። እኔ እንደ ልማዴ ጠባቂዎቹን ደረደርኩ፣ ስቴኪኒዎቹን ወደ ጫካው አዞርኩ። የሒሳብ መምህሩ የተኩስ መሥመር እያሰላ ሳለ እህቴ የእንቁላል ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሲነሡ ስንት ነዳጅ ጭነው ነበር?»

«አሥር።»

«እዚህ ለመድረስ?»

«ሁለት ይጠጋል።»

ስምንት ፍሬ ቆጥራ ጠረጴዛው መሐል አፈሰሰቻቸው። «ስምንት መቶ ኪሎ ቤንዚን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ስለ ጥይት ምን እንጨቃጨቃለን?»

ያንን ሽምብራ ያዘጋጀሁት ለበረራ ነበር። ለሦስት ሳምንት ስቆጥረው እንደዚያ አላየሁትም።

ሁለት ገጸ ባሕርያት በደረታቸው ተሳቡ፤ ሁለቱ ከጫካው ሽፋን ሰጡ። የመጀመሪያው ካፕሮኒ በአንድ ዙር ተያያዘ። ሁለተኛው ጨርቁ ርሶ አስቸገረ፤ ሦስት ዙር ፈጀ፤ በዚያ መሐል ከጎኑ መትረየስ ተተኮሰና የሒሳብ መምህሩ ዕጩ መኮንን በሩ ላይ ወደቀ። ዳይሱን ሁለት ጊዜ አየው፤ ምንም አላለም። ቄሱ ከእሳቱ ብርሃን እጁን አንሥቶ ሲወጣ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ ተያዩ። እህቴ «ይሂድ፤ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል» አለች።

የጥገና ማስታወሻ፦ ከደጋ ሲነሣ የሚቀነሰው ሦስት ፍሬ በእርግጥ ይበዛል፣ ጋሼ ልክ ነበሩ፤ ሁለት ይሁን። የነዳጅ ቃጠሎ ሕግ በጽሑፍ አልነበረኝም፣ ማታ በቃል ፈጠርኩት፤ መጻፍ አለበት። በርጥብ ጨርቅ ላይ ዳይሱ 9፣ በደረቅ ላይ 6።

ጥቅምት 29

በደስታው መሐል የአንድ ሰው ክርን የመጀመሪያውን ካፕሮኒ ግራ ክንፍ ሰበረው፤ ቡናም ፈሶበታል። ሌላ ካርቶን ልቆርጥ ስል ጋሼ ከደጃቸው አይተው ጠሩኝ። ከቤታቸው ቁራጭ ነጭ አቡጀዲ አምጥተው፣ ጠርዙን በባለ ጥርስ መቀስ ከረከሙልኝ። «አትጣለው። እንደ እውነተኛው ለጥፍበት።» ሽቦውን አቃንቼ፣ ጨርቁን በኮላ አልብሼ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

የሚቀረው ሮሜዎ 37 ነው፤ አንድ ሞተር፣ ሁለት ክንፍ በላይና በታች፣ ሁለት ሰው። እህቴ ደግሞ ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ የሠራትንና በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችውን ትንሽ አውሮፕላን፣ ፀሐይን፣ እንድጨምር ትፈልጋለች። ለእሷ አምስት ፍሬ ሽምብራ እንኳ የሚበቃ አይመስለኝም። ካፖርት ቁልፍ ግን አንድ ተርፎኛል።